ከባሌ ወደ ሰቆጣ የመጣ ሰደፍ

ታኅሣሥ 2011፣ ከላሊበላ ወደ ቢልባላ

ሚኒባሱ ማለዳ ይነሳል ተብሎ ረፋድ ላይ ተነሳ። ጓደኛዬ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ በጋቢ የተጠቀለለ ረዘም ያለ ዕቃ ጭኑ ላይ አጋድሟል። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ብሎ ቢወተውተውም እሺ አላለም። በጋቢው ውስጥ ያለው የጠመንጃ እንጨት ነው። ከበርሜል መደገፊያው እስከ ሰደፉ ድረስ ሙሉ የዋልነት እንጨት ሲሆን ብረቱ አብሮት የለም። በርሜሉና መቀባበያው ከነፈቃዱ ጓደኛዬ በሚሠራበት ድርጅት ካዝና ውስጥ ተቆልፎበታል።

ሰውየው የሰቆጣ ልጅ ነው፤ እንጀራው ግን ባሌ ነው። ፈቃድ ያወጡ የውጭ አገር አዳኞችን እየመራ በአስታውና በጭጋጉ መሐል ደጋ አጋዘን ፍለጋ ይወጣል። እንግዳው አቁስሎ የሳተውን አውሬ ተከታትሎ መጨረስ የእሱ ኃላፊነት ስለሆነ የራሱን ጠመንጃ ይይዛል፤ በማውዘር ሥርዓት የተሠራ፣ በእጅ እየተቀባበለ የሚተኮስ ባለ 375 ካሊበር። በቅርቡ የዚህ ጠመንጃ እንጨት ከእጅ መጨበጫው ላይ፣ የብረቱ ጭራ በሚያበቃበት ቦታ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ጓደኛዬ በእንጨት ተስፋ ቆርጧል። ስልኩ በፋይበርግላስና በካርበን ፋይበር ሰደፎች ፎቶ ተሞልቷል፤ የእያንዳንዱን ክብደት በግራም በቃሉ ይነግርሃል።

"ታዲያ ይሄን ስንጥቅ ለምን ተሸክመህ ትዞራለህ?" አልኩት።

"አጎቴ ይየዋ! ሳያየው ብጥለው እድሜ ልኩን ይቀየመኛል።"

አጎቱ የጠመንጃ እንጨት ሲጠርቡና ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ናቸው። እኔም የመጣሁት እሳቸውን ለማየት ነው። ቀላሉና ፋብሪካ ሠራሹ ሰደፍ ሰቆጣ ላለችበት ለዋግ ተራራ ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለውን ከሻጭ አፍ ሳይሆን ጠመንጃ ተሸክሞ ከሚውል ሰው መስማት ፈልጌ ነበር።

አንድ ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ፖሊሱ ጋቢውን ገልጦ እንጨቱን አገላበጠው፤ ጎድጓዳውን በጣቱ ዳሰሰው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሰደፍ ነው።"

"ብረቱስ?"

"ባሌ ነው ያለው።"

"ብረቱ ባሌ፣ እንጨቱ ዋግ? ምን አጣላቸው?" ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ጓደኛዬ የፈቃዱን ቅጂ አሳየ፤ ፖሊሱ ከላይ እስከ ታች አንብቦ ጋቢውን ራሱ ጠቀለለለት።

ቢልባላ ጊዮርጊስ ደጅ ለሻይ ቆምን። የዚህ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውስጥ ንቦች ይኖራሉ፤ ማሩም ለፈውስ ይፈለጋል። ሹፌሩ ስላስቸኮለን ከሩቅ ተሳልመን ተመለስን።

አስከተማን አልፈን

ከኋላችን የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደመና ለብሶ ቀርቷል። ወደ ዋግ ስትገባ አፈሩ ይሳሳል፤ ድንጋዩ ይበዛል። አውድማ ላይ ገብስ እየተወቃ ነው፤ ነፋሱ ደረቅ ስለሆነ ከንፈር ይሰነጥቃል። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች በመንገዱ ዳርና ዳር ይሄዳሉ፤ ከወንዶቹ ብዙዎቹ ታጥቀዋል። ክላሽ የያዘው፣ በተለይ ታጣፊውን የያዘው፣ በማንገቻው ጀርባው ላይ ጥሎታል። አሮጌ ረጅም ጠመንጃ የያዙት አዛውንቶች ግን በሁለቱ ትከሻዎቻቸው ላይ አጋድመው፣ ሁለቱንም ክንዶቻቸውን ከላይ ጣል አድርገው ነው የሚሄዱት። ልብ ብዬ አየሁ፤ አንዱም ጠመንጃውን ሲያስተካክል አላጋጠመኝም። አንዴ ከተጋደመ በኋላ ሳይነካ ወንዝ ይሻገራል።

ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ ያስረዳኝ ጀመር። የእሱ የዋልነት እንጨት ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በቅርጽ ተጨምቆ የሚወጣው ተራ ፕላስቲክ፣ ናይለን ይሁን ፖሊፕሮፒሊን፣ ርካሽ ነው እንጂ ሰዎች እንደሚያስቡት ቀላል አይደለም፤ ክብደቱ ከእንጨቱ ብዙም አይለይም። በእጅ እየተነባበረ የሚሠራው ፋይበርግላስ ከ800 እስከ 900 ግራም አካባቢ ነው። ካርበን ፋይበሩ ከ600 ግራም በታች ይወርዳል፤ ዋጋው ደግሞ ወደ 1000 ዶላር ይጠጋል። ጓደኛዬ ልቡ የሄደው ወደ ካርበኑ ነው።

"ግማሽ ኪሎ አተርፋለሁ" አለኝ።

ግማሽ ኪሎ ግማሽ ሊትር ውኃ ነው። በዋግ በረሃ ለሚውል ሰው ትልቅ ነገር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ጠመንጃ ሲቀል ርግጫው የሚሄደው ትከሻ ላይ ነው። ጥይቱና ባሩዱ አንድ ዓይነት ሆነው የጠመንጃው ክብደት ብቻ ሲቀንስ፣ ወደ ኋላ የሚመታው ጉልበት በዚያው መጠን ይጨምራል። 4 ኪሎ ተኩል የነበረው ወደ 4 ኪሎ ሲወርድ ምቱ ከመቶ 12 ያህል ከፍ ይላል። በትንሽ ካሊበር ብዙ አይሰማም። ባለ 375 ግን ሲጀመርም ትከሻ የሚያደማ ነው፤ በ1912 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ሲያወጡት ለጎሽና ለዝሆን ብለው ነው። ተኳሹ ርግጫውን መፍራት ከጀመረ ምላጩን ሳይስብ ዓይኑን ይጨፍናል። ያን ጊዜ የተረፈው ግማሽ ኪሎ ለማን ጠቀመ?

ይህን ስለው ዝም አለ። ወዲያው ግን "ባሌ ወጥተህ ብታየው እንዲህ አትልም" አለኝ። በዚህ ደግሞ እውነቱን ነው።

የእንጨት ጠላቱ እርጥበት ነው። እንጨት በርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በባሌ ጭጋግ ውስጥ ሲሰነብት የበርሜል መደገፊያው አብጦ ወይም ተጣምሞ በርሜሉን በአንድ ጎን ይገፋዋል፤ ትናንት ኢላማውን የመታው ጠመንጃ ዛሬ ስንዝር ይስታል። አሜሪካኖች ይህን በቬትናም ጫካ በውድ ዋጋ ተምረውታል። የኤም 14 ጠመንጃቸው እንጨት በዝናቡ እያበጠና እየበሰበሰ ስላስቸገራቸው ወደ ፋይበርግላስ ለወጡት፤ የባሕር ኃይል እግረኞቻቸው አልሞ ተኳሾችም በ1966 እ.ኤ.አ. የታጠቁትን ባለ እንጨት ጠመንጃ በኋላ በፋይበርግላስ ቀየሩት። ለአዳኙ ገበያ የመጣው ሰው ሠራሽ ሰደፍም ከዚሁ ጋር አብሮ ነው ያደገው።

ዋግ ግን ባሌ አይደለም። እዚህ ክረምቱ አጭር ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ከዘነበ ዘነበ፤ የቀረው ጊዜ ደረቅ ነው። እዚህ እንጨቱ ከማበጥ ይልቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ብሎኖቹ ይላላሉ፤ ብሎን ሲላላ ብረቱ በጎድጓዳው ውስጥ መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ሰቆጣ

ሰቆጣ ከ2200 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች የድንጋይ ከተማ ናት። ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ሲያልፍ ገበያው እዚህ ነበር። ዛሬ ስሟ በውጭ የሚነሳው በ2007 መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ለማጥፋት በገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው። በገበያው ውስጥ አማርኛና ኽምጣና እየተቀላቀለ ይሰማል፤ ጓደኛዬ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ሳይርቅ ምላሱ ወደ ኽምጣና ዞረ፤ እኔ ባዳ ሆንኩ።

የአጎቱ ግቢ በድንጋይ ካብ የታጠረ ነው። ከጥላው ሥር መሮ፣ ሞረድ፣ መላጊያና በጠፍር የታሰሩ ጥርብ እንጨቶች ተደርድረዋል። ጠላ ቀረበልን፤ የጤና ጥያቄው ረዘመ፤ ስለ ባሌ ብርድ ተጠየቅን። ሽማግሌው ጋቢውን እያዩ እንዳላዩ ሆነው ቆዩ። በመጨረሻ "በል እንግዲህ፣ የሰበርከውን አምጣው" አሉት።

"እኔ አልሰበርኩትም አባባ፣ እንጨቱ ነው የከዳኝ።"

እንጨቱን ተቀብለው ወደ ፀሐዩ ወጡ። ስንጥቁን አላዩትም። መጀመሪያ ያዩት ጎድጓዳውን ነው፤ ብረቱ የሚያርፍበትን። በጥፍራቸው ጫሩት፣ ምራቃቸውን እንትፍ ብለው በአውራ ጣታቸው አሹት። ከዚያ ጠሩን።

የማውዘርና የአብዛኛው መቀባበያ ጠመንጃ ብረት ከሥሩ ወደ ታች የወጣች አንዲት ወፍራም ጥርስ አለችው። ጠመንጃው ሲራገጥ ጉልበቱን ለእንጨቱ የምታስተላልፈው ይህች ጥርስ ናት፤ ከበስተኋላዋ ያለው እንጨት ገጥሟት መቀመጥ አለበት። በጓደኛዬ እንጨት ላይ ያ መደገፊያ ተጨፍልቆ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ስለዚህ በተተኮሰ ቁጥር ብረቱ በሙሉ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ የሚያቆመው ያጣና በጭራው ይቆማል። ቀጭኑ ጭራ ሽብልቅ ሆኖ መጨበጫውን ለሁለት ይከፍለዋል። ስንጥቁ የተጀመረበት ቦታ ላይ እንጨቱ በብረት ተመትቶ አብረቅርቋል።

"እንጨቱ ምን አጠፋ?" አሉ ሽማግሌው። "ብረቱ መቀመጫውን አጥቶ ነው። ብሎኑን ማን ነው ሳያጠብቅ የሚተኩሰው?"

ጓደኛዬ መልስ አልነበረውም። ስልኩን አውጥቶ የካርበኑን ሰደፍ አሳያቸው፤ ክብደቱን ነገራቸው። ሽማግሌው ፎቶውን በጣታቸው እያሰፉ አዩት፤ ከእኔ በተሻለ ስልክ ይችላሉ።

"መልኩስ መልካም ነው። ብረቱ የሚቀመጠው ምን ላይ ነው?"

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ እኛ ግን መንገዱን ሙሉ ስለ ግራም ስንከራከር አላነሳነውም ነበር። ተቀምጠን አንድ በአንድ አየን። ርካሹ ፕላስቲክ ብረቱን የሚያሳርፈው በራሱ በፕላስቲኩ ላይ ነው፤ ብሎን ሲጠብቅ ይጨመቃል፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል። የበርሜል መደገፊያውም ስለሚተጣጠፍ ድንጋይ ላይ አስደግፈህ ስታነጣጥር በርሜሉን ይነካል፤ በርሜል ሲነካ ደግሞ ጥይቱ ይሸሻል። ጥሩ ጥሩዎቹ በብሎኖቹ ዙሪያ የአሉሚኒየም ቱቦ አለባቸው፤ ወይም ብረቱ በሙሉ የሚያርፍበት አንድ የአሉሚኒየም አካል ተቀብሮባቸዋል። እንዲያም ሆኖ ለዚያው ጠመንጃ ተብሎ ኢፖክሲ ፈስሶ፣ ብረቱ በልኩ ታትሞ ካልደረቀ በስተቀር ክፍተት አያጣም። ይህን ሥራ በእንጨትም ላይ መሥራት ይቻላል። እንዲያውም የጓደኛዬ ዋልነት በጊዜው እንዲህ ተደርጎለት ቢሆን ኖሮ ባልተሰነጠቀ።

ከዚህ በኋላ የክርክራችን ሚዛን ተለወጠ። ሰው ሠራሹ ሰደፍ የሚያሸንፈው በእርጥበት ላይ ነው፤ የመቀመጫን ጉድለት አይፈውስም። እኔ እስካሁን ያነበብኳቸው ማስታወቂያዎች ሁሉ የሚጀምሩት በክብደት ነው። ከተራ እስከ ውዱ ሰደፍ ድረስ ያለውን ልዩነት የሚወስነው ግን ዓይን የማያርፍበት ጎድጓዳው ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

ቤልጂጉ

ከሰዓት በኋላ አንድ ጎረቤት ቤልጂግ ይዘው መጡ፤ የማንገቻው ቀለበት ላልቶባቸው። ቤልጂግ ማለት የቤልጂጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የሠራው አጭር ማውዘር ነው፤ ከጣልያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ለንጉሠ ነገሥቱ ጦር የመጣ፣ 7.92 የሚጎርስ። ክብደቱ ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል። መጨበጫው አንድ ጊዜ ተሰብሮ በእርጥብ ጠፍር ተጠፍሯል፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ጠብቆ እንጨቱን እስካሁን ይዞታል። ከሰደፉ ጎን በወይራ የተተካ ቁራጭ አለ። ወይራ ጠንካራ ቢሆንም ከባድ ነው፤ ሙሉ እንጨቱን በወይራ የሚሠራ ሰው የለም። ዋንዛ ቀላልና ለመሮ የሚመች ስለሆነ ሽማግሌው ሲጠርቡ የሚመርጡት እሱን ነው፤ ተቆርጦ በጥላ ብዙ ወራት ካልሰነበተ ግን አይነኩትም።

ቤልጂጉን በእጃቸው ዳር ላይ አጋድመው አሳዩኝ። ከካዝናው ፊት ለፊት፣ ልክ እጅ በሚይዘው ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰደፉ ግማሽ ኪሎ ቢያጣ ኖሮ አፈሙዙ ወደ ታች ይደፋ ነበር። ሁለት ትከሻ ላይ አጋድሞ ሩቅ መንገድ ለሚሄድ ሰው የሚያደክመው እንዲህ ያለው መደፋት ነው፤ ቆሞ ሲተኩስም አፈሙዙን ወደ ላይ የመያዙ ሸክም ለግራ እጅ ይተርፋል። ቀላል ሰደፍ የሚስማማው ቀጭን በርሜል ላለው ጠመንጃ ነው። የጓደኛዬ በርሜል ወፍራም ነው።

ዋግ የጠመንጃን ዋጋ በንጉሡ ያየ አገር ነው። ዋግሹም ጎበዜ፣ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ በሐምሌ 1863 ዐድዋ አጠገብ ከደጃዝማች ካሳ ምርጫ ጋር ሲገጥሙ ሠራዊታቸው በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር። ካሳ ግን እንግሊዞች በ1860 ከመቅደላ ሲመለሱ የተዉላቸው መድፍና በመቶዎች የሚቆጠር ጠመንጃ፣ በዚያ ላይ በእንግሊዛዊው ኪርክሃም የሠለጠነ ጦር ነበራቸው። ንጉሡ ተማረኩ፤ ካሳ ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ። በጣልያን ዘመንም ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዚሁ አገር ሸፍተው በ1930 መጀመሪያ ተሰዉ። የአገሩ ገዢዎች የዋግሹሞቹ አፅም ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በማግስቱ ሄደን አየን።

ቁልቁል ወደ አበርገሌ

ጓደኛዬ ዘመድ ሊጠይቅ ስለፈለገ ወደ ቆላው ወረድን። ሙቀቱ ከፍ ይላል፤ የአበርገሌ ፍየሎች ግራሩን ይቀጥፋሉ። ገደሉ ላይ ሁለት ሰሶች በጥፍራቸው ጫፍ ቆመው አዩን። አብሮን የነበረው ጎረምሳ በእጁ አነጣጠረባቸው፤ ከዚያ በላይ ማንም ምንም አላሰበም። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አይታደንም፤ ጓደኛዬ የሚሠራባቸው የተከለሉ የአደን ቀጠናዎችም ከዚህ እጅግ የራቁ ናቸው። እዚህ ጠመንጃ የሚያዘው ለከብትና ለድንበር ነው፤ ይሸከሙታል እንጂ ብዙም አይተኩሱትም። ከጉዟችን በኋላ የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ፣ ቁጥር 1177/2012፣ መያዙንም በፈቃድ ወስኖታል።

እሾህ ቁጥቋጦ መሐል ስናልፍ ጓደኛዬ ውኃ የያዘበትን ባዶ ሊሆን የተቃረበ ፕላስቲክ ጀሪካን እሾሁ ሲፍቀው ሰማሁ። ፋብሪካ ሠራሽ ሰደፍም ውስጡ ባዶ ከሆነ እንዲሁ ይጮኻል፤ ቅርንጫፍ ሲነካው ሩቅ ይሰማል። ለአዳኝ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለዚህ ነው ጥሩዎቹ ሰደፎች ውስጣቸው በአረፋ የሚሞላው፤ አረፋው ደግሞ የተኮራበትን ግራም መልሶ ይጨምራል።

ተመልሰን ሰቆጣ

ጓደኛዬ ካርበኑን ተወው። የመረጠው ፋይበርግላሱን ነው፤ ውስጡ በአረፋ የተሞላ፣ በብሎኖቹ ዙሪያ የአሉሚኒየም ቱቦ ያለው፣ 900 ግራም ያህል የሚመዝነው። ጠመንጃው ከ4 ኪሎ በታች አይወርድም፤ በባሌ ጭጋግም አያብጥም። ምርጫው ለባሌ ነው። ሰቆጣ ቢኖር ኖሮ ዋልነቱን አስጠግኖ ብሎኑን እያጠበቀ ይኖር ነበር፤ ይህን ራሱም አመነ። እኔም ብሆን እንዲሁ አደርጋለሁ።

ዋልነቱ ሳይጣል ሽማግሌው ዘንድ ቀረ። ስንጥቁን በማጣበቂያ ሞልተው በአግድም የእንጨት ምስማር ሊወጉት፣ ከብረቱ ጭራ ኋላም የወረቀት ውፍረት የምታህል ክፍተት ሊፈለቅቁለት ተስማሙ። የጥርሷን መደገፊያ ግን ብረቱ ካልመጣ አልነካም አሉ።

ልንነሳ ስንል የወንድማቸውን ልጅ እንደገና አስቆሙት። ክንዱን ከክርኑ አጥፎ እንዲዘረጋ አዘዙት፤ ከክርኑ መታጠፊያ እስከ ሌባ ጣቱ ድረስ በሜትር ለኩ። ፋብሪካው ሰደፍ የሚልከው በአማካይ ሰው ልክ ነው፤ ጓደኛዬ ደግሞ አጭር ነው። እንጨት ቢሆን በመጋዝ ይቀነሳል። ፋይበርግላስ ግን ቅርፊቱ ተቆርጦ ውስጡ ያለው አረፋ ከወጣ በኋላ ጎማውን መልሶ ማሰር ያስቸግራል፤ ስለዚህ ልኩ ከመታዘዙ በፊት መታወቅ አለበት።

"የባሌን ካፖርት ልበስና እንደገና እንለካ" አሉት።

በሸሚዝ ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጎማ 35 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ከነካፖርቱ 34። ጓደኛዬ 34 ብሎ ስልኩ ላይ ጻፈ።